ሽመልስን ያየ አማካይ

ጂንካ መሀል ከተማ፣ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ሣር ላይ ኳስ የሚራገጡ ልጆች የአማካይ ሥራ ሩጫ ብቻ ይመስላቸዋል። አማካዩን ሽመልስ በቀለን ይዩ እላለሁ። እሱ ኳሷ ሳትደርሰው አንገቱን ያዞራል፤ ሲነካት መንገዷን ቀድሞ አውቆላታል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ዳዋ ሆቴሳ አንዱን፣ ሽመልስ ሁለተኛውን አገባ፤ ያውም ከፔትሮጀት ክለብ ጀምሮ ለዓመታት እንጀራውን የበላባት አገር ላይ! እንከን የለሽ ነው አልልም። ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ ለመመለስ ይዘገያል፤ ጉልበተኛ ተጋጣሚ ሲለጠፍበትም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይጠፋብናል። ያም ሆኖ በሁለት ተከላካዮች መሀል ኳስ በማሾለክ በዚህ ትውልድ የሚስተካከለው አማካይ አላየሁም።