ኹጥባው ላይ ያለውን ኢኮ አጥፉልን!



በአንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆመን ተጨቃጨቅን። አንዳችን «ኹጥባው ስለ ሶብር ነበር» አለ። ሌላው «ኧረ ስለ ቀብር ነው!» አለ። ሁለቱም ውስጥ ነበሩ፣ አንዳቸውም አላንቀላፉም። እዚያው ሳቅን፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ ጠብቀን፣ ከሥራ ፈቃድ ለምነን የመጣንለት ኹጥባ ርዕሱ እንኳ አልደረሰንም። ኻጢቡ ጥፋት የለባቸውም። ተዘጋጅተው የመጡ፣ አንደበታቸው የተፈታ ሰው ናቸው። ቃላቸውን የበላው ኢኮው ነው።

ይህ የአንድ መስጂድ ጉዳይ ቢሆን ባልጻፍን። ጀማዓው ያዋጣል፣ ኮሚቴው ሚክሰር ይገዛል፣ ሚክሰሩ ኢፌክት አብሮት ይመጣል። ከኛ ከወጣቶቹ አንዱ ቁልፉን ያዞራል፣ «ማሻአላህ፣ ድምፁ ግርማ አገኘ» ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ለአዛን የተከፈተው ኢኮ ለኹጥባውም፣ ለደርሱም፣ ሌላው ቀርቶ ጫማ ጠፋ ለሚለው ማስታወቂያም ያገለግላል። የያማሃ ኤምጂ ኤክስዩ ሚክሰር የያዛችሁ ወንድሞች፣ ከ24ቱ የኢፌክት ፕሮግራሞች የአንዱ ስም «ካራኦኬ» ነው። ሚንበሩ ላይ የከፈታችሁት የቱን እንደሆነ እስቲ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

«ኹሹዕ ይጨምራል፣ እንደ ሐረም ያሰማል» የሚሉን አሉ። ሐረምን ሐረም ያደረገው ሪቨርብ አይደለም። ደግሞስ የኛ መስጂዶች ግድግዳ ሲሚንቶ ነው፣ መስኮቱ መስታወት፣ ከላይ ጉልላት። ምንጣፉ የሚውጠው ከድምፁ ጥቂቱን ነው። ሕንፃው ራሱ ያስተጋባል። በዚያ ላይ በማሽን ኢኮ መጨመር ጨው በበዛበት ወጥ ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሰው በተለመደ ፍጥነት ሲናገር በሴኮንድ አራት አምስት ክፍለ ቃል ያወጣል። ኢኮው ከ300 ሚሊሴኮንድ በኋላ ሲመለስ ኻጢቡ ቀጣዩ ላይ ናቸው፤ ያለፈው ድምፅ አዲሱ ላይ ይወድቅበታል። ቀድመው የሚጠፉት ደካሞቹ ድምፆች ናቸው፣ ቃልን ከቃል የሚለዩልን ደግሞ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ቂርኣት ላይ ሲመጣ ይብሳል። ሷድን ከሲን ለመለየት፣ መድን በልኩ ለመሳብ ዓመታት የደከመ ቃሪእ አንብቦ ሲያቆም፣ ማሽኑ ግን አያቆምም፤ ይጎትተዋል። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ጆሯቸው የደከመ አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። እነሱ ደግሞ አይናገሩም፤ «እኔ ነኝ ያረጀሁት» ብለው ይቀመጣሉ።

ፈትዋ አንሰጥም፣ እሱ የዑለሞቻችን ቦታ ነው። የምናውቀውን ግን እንናገር። ኡሙ ሂሻም ቢንት ሓሪሳ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ሱረቱ ቃፍን የያዘችው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በየጁሙዓው ሚንበር ላይ ሲያነቡት እየሰማች እንደሆነ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። አንዲት ሴት ከኹጥባ ሙሉ ሱራ ያዘች! የዛሬዋ እህታችን ፎቅ ላይ ወይ ከመጋረጃ ጀርባ፣ አንዲት የምትንጫረር ስፒከር ሥር ተቀምጣ ስንት ቃል ትይዛለች? ኹጥባ ላይ ጓደኛውን «ዝም በል» ያለ ሰው እንኳ ለግው እንደሠራ ተምረናል። ጀማዓው ትንፍሽ ሳይል ያዳምጣል። የሚዳመጠውን ማድረስ ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ወንድም አማና ነው።

እንግዲህ ሚክሰሩ ላይ የምትቀመጡ፣ መንገዱን እንነጋገር። ከማይኩ የገባው ድምፅ በሁለት በኩል ይሄዳል። ዋናው በቀጥታ ወደ ስፒከር ያልፋል። ሌላው በየቻናሉ ያለውን የኤፍኤክስ ቁልፍ በከፈትነው ልክ ወደ ኢፌክቱ የሚላክ ቅጂ ነው፤ እሱ በራሱ ፌደር ይመለሳል። ስለዚህ የሚንበሩን ማይክ ኤፍኤክስ ዜሮ ብታደርጉት የሙአዚኑን ማይክ አይነካውም። ማይኩ አንድ ብቻ ከሆነ አዛኑ እንዳለቀ የኢፌክቱን መመለሻ ፌደር አውርዱ፣ አለቀ። ኢፌክቱ በኬብል የተያያዘ ለብቻው ያለ ዕቃ ከሆነ ኢፌክቱን ብቻ እንዲመልስ አድርጉት። ንጹሑን ድምፅም አብሮ ከመለሰ፣ በጥቂት ሚሊሴኮንድ የዘገየው ከዋናው ጋር ተጋጭቶ ድምፁን የቆርቆሮ ያስመስለዋል። የሚመለሰውን በተራ ቻናል ካስገባችሁት ደግሞ የዚያ ቻናል ኤፍኤክስ ዝግ ይሁን። ከተከፈተ ድምፁ በራሱ ላይ እየዞረ ያድጋል። ተራዊህ መሃል ሰዉን ያስደነገጠ ፉጨት ሰምታችሁ ማይኩን የረገማችሁ፣ ምናልባት ማይኩ ንጹሕ ነበር።

ማሽኑን ጠልተን አይደለም። ዲሌይ የሚባለው ራሱ ትክክለኛ ቦታ አለው። ድምፅ በአየር ላይ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊተኛው 17 ሜትር ርቆ የተሰቀለው የኋላ ስፒከር እኩል ሲጮህ፣ ኋላ የተቀመጠው ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። የኋላው በ50 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሱታል። ዲጂታል ሚክሰር ያላቸው ብዙ መስጂዶች ይህ በእጃቸው ነው፤ የሚሞላው ጠፍቶ ነው እንጂ። እኛ ኢኮውን እንጂ ይህንን ሲያስተካክል ያየነው ጥቂት ሰው ነው።

አናምንም የሚል ኮሚቴ ካለ አንከራከር። ሐሙስ ማታ አንድ ሰው ሚንበሩ ላይ ወጥቶ ያልተነገሩ አሥር ቃላት ያንብብ፣ መጀመሪያ ኢኮው ተከፍቶ፣ ከዚያ ሌላ አሥር ኢኮው ተዘግቶ። የምትጽፈው እህት ትሁን፣ እዚያው በሴቶች ክፍል ተቀምጣ፣ በሩ እንደ ጁሙዓው ተዘግቶ። ሁለቱን ወረቀት ኮሚቴው ፊት አስቀምጡት።