የፊታችን ቀለም በማን ልክ ይታተም?

ዛሬ አነስተኛ ማተሚያ የገዛ ሁሉ በየቤቱ ፎቶግራፍ አታሚ ሆኗል። ነገር ግን በስልኩ ላይ ጠይም ሆኖ የታየው ወዳጃችን በወረቀት ሲወጣ አንድ ጊዜ ከሰል፥ ሌላ ጊዜ አመድ ይመስላል። ብዙዎቻችን «የመኪናው ጠባይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ሊታለፍ አይገባውም እላለሁ።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ስክሪን መልክን የሚያሳየው በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያው ግን በውሃ ሰማያዊ፥ በሐምራዊ ቀይ፥ በቢጫና በጥቁር ፈሳሽ ቀለም ይሠራል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እንደ ትርጉም ሥራ ነው፤ ፕሮፋይል የሚባለው ፋይል መዝገበ ቃላቱ ነው፤ ይህም እንደ ወረቀቱ ዓይነት ይለያያል።

የትርጉሙን ልክነት የሚፈርደው ግን ማን ነው? እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበረ፤ ስሙም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሸርሊ ፊት ካማረ ሥራው ልክ ነው ተባለ፤ የጥቁር ሰው ፊት ቢጨልም ጠያቂ አልነበረም። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 እንደ ጻፉት፥ ኩባንያው ስለ ቡናማ ቀለም እንዲያስብ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የቤት ዕቃ አምራቾች ነበሩበት። ከሰው ፊት ይልቅ የጠረጴዛ አቤቱታ ተሰማ ማለት ነው!

«ይህ የፊልም ዘመን ታሪክ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛሬ ፈራጆቹ እኛው ነን። ታዲያ የስልኩ «አሳማሪ» ቁልፍ ጠይሙን ሲያነጣው ደስ ብሎን ካተምነው፥ ሸርሊን በገዛ እጃችን መልሰን ሾምናት ማለት አይደለምን?

እንግዲህ በራሱ የሚያርመውን ቁልፍ እናጥፋ፤ የስክሪኑን ብርሃን ቀነስ እናድርግ፤ የያዝነውን የወረቀት ዓይነት በማተሚያው ላይ በትክክል እንምረጥ። በቁራጭ ወረቀት ሞክረን፥ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ እንየው። ለሙከራም ጥቁሩንም፥ ጠይሙንም፥ ቀይ ዳማውንም አንድ ላይ የያዘ ፎቶግራፍ እንውሰድ። የሁሉም መልክ በአንድ ወረቀት ላይ ሳይዛባ ከወጣ፥ ያን ጊዜ መኪናው ተስተካከለ እንበል።

ልጆቻችን የምረቃ አልበማችንን ሲገልጡ የሚያምኑት ወረቀቱን ነው። እኛ ምን እንመስል እንደ ነበር መኪና አይወስንልን።