ማጀቢያ ወይስ መሸፈኛ?

ካሜራ ከመሸንቲ ሰማይ ቁልቁል ሲመለከት አውራ ጎዳናው እንደ ክር ይቀጥናል፤ ማሳው እንደ ጥልፍ ይዘረጋል፤ በስተ ሰሜን የጣና ውኃ ያብረቀርቃል። በእንዲህ ያለ ፊልም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ግን የአገሩ ድምፅ ሳይሆን በትዝታ ቅኝት የሚያለቅስ ዋሽንት ነው። ይህ ልማድ ሳይመከርበት ሕግ ሆኗል። የኪነ ጥበብ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ይህ ነው፦ ሙዚቃው ሥዕሉን ያጅባል ወይስ ይሸፍናል?

የልማዱ ጠበቆች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሙዚቃ የሌለው ሥዕል ተመልካችን ያሰለቻል፤ በአየር ላይ የሚቀዳው ድምፅ የነፋስ ጩኸት ብቻ ነው፤ በአገር መሣሪያ ማጀብም ባህልን ማስተዋወቅ ነው ይላሉ። ሦስቱም መመርመር አለባቸው።

በመጀመሪያ ነፋሱ ጩኸት ብቻ አይደለም። ሞተር የሌለውን ተንሸራታች አውሮፕላን የሚያበር ሰው ፍጥነቱን ከነፋሱ ድምፅ ይለያል። ቫሪዮሜትር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አየሩ አውሮፕላኑን ሽቅብ ሲያነሣው ድምፁን እያቀጠነ ይነግረዋል። ጥንብ አንሣ ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈውም በዚሁ የሞቀ አየር ላይ ነው። የበረራው ትግል ያለው በእነዚህ ድምፆች ውስጥ ነው። በላያቸው ዜማ ሲፈስባቸው ትግሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው መልክአ ምድር ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወር ውኃ ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው በ2001 ሥራ ሲጀምሩ ከፏፏቴው በላይ ውኃ ወደ ተርባይኖች ዞረ። መብራት ለሕዝብ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በበጋ የሳሳውን ፏፏቴ በነጎድጓድ ከበሮ የሚያጅብ ፊልም ለሕዝቡ ሐሰት ይነግረዋል። ከበሮ የጎደለ ውኃ አይሞላም።

እንዲሁም እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አረሙ ከሰማይ ሲታይ ለምለም መስክ ይመስላል። በለስላሳ ዋሽንት ሲታጀብ ተመልካቹ ውበቱን ያደንቃል፤ ታንኳው በአረም የተያዘበት ዓሣ አጥማጅ ግን ከፊልሙ ውጭ ይቀራል። እዚህ ላይ ሙዚቃው ባህልን አላስተዋወቀም፤ የባህሉን ባለቤት ችግር ደበቀ እንጂ።

ሙዚቃ ከሌለ ተመልካች ይሰለቻል የሚለውም አያስኬድም። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ያቀረበው «ወፎቹ» የተባለው ፊልም የተለመደውን ማጀቢያ ሙዚቃ ትቶ በወፎች ድምፅ ተመልካችን ከወንበሩ አጣብቋል። አይዘንስታይን፣ ፑዶቭኪንና አሌክሳንድሮቭም እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጡት መግለጫ ድምፅ ሥዕሉን ከመድገም ይልቅ በተቃርኖ እንዲቆምለት አሳስበዋል። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ሥዕሉ ሰም ከሆነ ድምፁ ወርቅ ሊሆን ይገባል፤ በሰም ላይ ሰም መደረብ ቅኔ አይባልም።

ይህ ማለት ሙዚቃ ይከልከል ማለት አይደለም። ድሮን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አይቀዳም፤ ቢቀዳም የሚሰማው የራሱ ሞተር ጩኸት ነው። ስለዚህ ድምፁን መምረጥ ግዴታ ነው፤ መምረጥም ሥራ ይጠይቃል። ባለ ፊልሙ ከሰማይ ይውረድ። የመሸንቲን ገበያ ሁካታ፣ የገበሬውን ጅራፍና የበሬዎቹን ስም ሲጠራ፣ ታንኳ ውኃውን ሲሰነጥቅ ይቅዳ። ሙዚቃ ካስፈለገ መሰንቆ መቺው ሥዕሉን አይቶ ይጫወት፤ ስሙም በፊልሙ ላይ ይጻፍ፤ ዋጋውም ይከፈለው። የሰውን ዜማ ሳያስፈቅዱ ከፊልም ላይ መለጠፍን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አይፈቅድም።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላል ፈተና ሊያሳዩ ይችላሉ። ፊልሙን አንድ ጊዜ በሙዚቃ፣ አንድ ጊዜ ያለ ሙዚቃ ያሳዩአቸው። ሙዚቃው ሲነሣ አዲስ እውነት የሚወጣ ከሆነ፣ ሙዚቃው መሸፈኛ ነበር ማለት ነው። ሲነሣ የሥዕሉ ትርጉም የሚጎድል ከሆነ ግን ሙዚቃው ሥራውን ሠርቷልና ይቆይ።