የአዋሽ ጣቢያ ከነግቢው ይጠበቅልን
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፦

የአሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ቅርስ ሲነሣ የአዲስ አበባው ለገሃር ቀድሞ ይጠራል፣ ድሬዳዋ ይከተላል። ይገባቸዋል። እኔ የምጽፍልዎ ግን በሁለቱ መካከል ስለተረሳው ስለ አዋሽ ጣቢያ ነው።

ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚጓዘው ቀን ቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የጣቢያው ሆቴል፣ የአዋሽ ቡፌ፣ ስሙን ያገኘው ይህን መንገደኛ እያበላና እያሳደረ ነው። በረንዳው ለጌጥ ብቻ የወጣ አይደለም፤ የቆላው ፀሐይ ግድግዳውን እንዳያነደው የሚከላከል ጥላ ነው። ስለዚህ ቡፌውን ከጣቢያው፣ ጣቢያውን ከሐዲዱ፣ ሐዲዱን የአዋሽን ገደል ከሚሻገርበት ድልድይ ነጥሎ ማየት ሕንፃዎቹን ትርጉም ያሳጣቸዋል። አንዱን ቤት ብቻ አጥሮ ቅርስ ጠበቅን ማለት አይበቃም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሮጌው 1,000። አዲሱ አሮጌውን ሊጠቀምበት አይችልም። ጠባቂ የሌለው ሐዲድ ዕጣው ደግሞ ይታወቃል፦ ተፈትቶ በኪሎ መሸጥ።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በሚፈቅደው መሠረት ግቢው በአንድነት እንዲከለል እለምናለሁ። ከዚያ በፊት ግን የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ሄደው እያንዳንዱን ክፍል፣ በርና መስኮት ይለኩ፣ ይንደፉ። ንድፍ ካለ የወደቀ ግድግዳ እንኳ ተመልሶ ይቆማል።

እድሳትንም እፈራለሁ። በኖራ በተገነባ አሮጌ ግንብ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግንቡን ከውስጥ ይበላዋል። የእንጨት መስኮት ነቅሎ አልሙኒየም መግጠምም እድሳት ሳይሆን ማፍረስ ነው። ቡፌው ግን ተዘግቶ መጠበቅ የለበትም፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አጠገቡ ስለሆነ እንግዳ አያጣም።

በዚህ መስመር ላይ ያገለገሉ ጡረተኞች ዛሬም አሉ። የትኛው ክፍል ለምን ይውል እንደነበር፣ ባቡሩ ሲገባ ማን የት ይቆም እንደነበር ያውቃሉ። ለኪዎቹ ሲላኩ እነሱም አብረው ይጠሩ፤ ዕድሜያቸው የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም።

ከአክብሮት ጋር