ከጣራው መብራት የእግር ሥሩ ይበልጣል

በሌሊት አይሮፕላን የተሳፈረ ሰው ሁሉ ይህን ሳያይ አልቀረም። ሊነሣ ሲል አስተናጋጇ «የመስኮቱን መከለያ ክፈቱ» ትላለች፤ ወዲያው የውስጡ መብራት ደብዘዝ ይላል። በዚህን ጊዜ ጋዜጣ የያዘው መንገደኛ ያጉረመርማል፤ አንዳንዱም አስተናጋጇ ስታልፍ ጠብቆ መከለያውን መልሶ ይዘጋል። ምክንያቱን እስክናውቅ ድረስ እኛም ከአጉረምራሚዎቹ ወገን ነበርን።

የአይሮፕላን መብራት ጌጥ አይደለም፤ ቋንቋ ነው። ከግራው ክንፍ ጫፍ ቀይ፣ ከቀኙ አረንጓዴ፣ ከጅራቱ ነጭ ይበራል፤ ሥርዓቱም ከመርከብ የተወረሰ ነው። በጨለማ የሚበር አብራሪ ቀዩን በቀኙ አረንጓዴውን በግራው ያየ እንደ ሆነ ሌላ አይሮፕላን ፊት ለፊት እየመጣበት መሆኑን ያውቃል፤ ነጩን ብቻ ያየ እንደ ሆነ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶት እንደሚሄድ ይረዳል። ከላይና ከሆዱ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ መብራት ሞተሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ የሚበራው በምድር ያሉትን ሠራተኞች «ራቁ» ለማለት ነው።

የውስጡም እንዲሁ ነው። መብራቱ የሚደበዝዘው ለእንቅልፍ ሳይሆን ዐይናችን ጨለማውን አስቀድሞ እንዲለምድ ነው፤ ዐይን ጨለማን ፈጽሞ ለመልመድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋልና። መከለያው የሚከፈተውም እሳት በየት በኩል እንደ ተነሣ ለማየት እንዲቻል ነው።

ይህ ሁሉ ትምህርት በነጻ አልተገኘም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በአንድ የኤር ካናዳ አይሮፕላን ውስጥ እሳት ተነሥቶ በአሜሪካ አገር በሲንሲናቲ ማረፊያ በችኮላ አረፈ። 46 ሰዎች ነበሩበት። አይሮፕላኑ በደኅና ምድር ነክቶ በሮቹም ተከፍተው ሳለ 23ቱ መንገደኞች ሳይወጡ ቀሩ። ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የጣራውን መብራት ሁሉ ይሸፍናል፤ ደኅናው አየርና ማየት የሚቻልበት ቦታ ያለው ከወለሉ አጠገብ ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1984 የአሜሪካ መንግሥት ወደ መውጫው የሚመራ መብራት ከወለሉ አጠገብ እንዲደረግ ደነገገ። ዛሬ በብዙ አይሮፕላኖች ወለል ላይ የተዘረጋው ሰንበር ከጣራው የጠጣውን ብርሃን ያለ ኤሌክትሪክ በጨለማ መልሶ ይሰጣል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ሁሉ ቀድሞ ድሪምላይነር በተረከበ ጊዜ ብዙዎቻችን የጣራው ብርሃን እንደ ንጋትና እንደ ምሽት ሲለዋወጥ አይተን ተደንቀናል። መደነቁ አይነቀፍም። ነገር ግን በክፉ ቀን የሚያወጣን በእግራችን የምንረግጠው ያ ሰንበር ነው፤ እርሱን ግን ጐንበስ ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

«ይህ የበረራ ሠራተኞች ጉዳይ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ በበኩላችን አንስማማም። አዲስ አይሮፕላን ከመፈቀዱ በፊት መንገደኞቹ በግማሹ በር ብቻ፣ በአደጋ ጊዜ መብራት፣ በ90 ሴኮንድ ወጥተው ማለቅ አለባቸው። በዚያች አጭር ጊዜ አስተናጋጇ የእያንዳንዱን እጅ ይዛ ልታወጣ አትችልም።

ስለዚህ ወጣት ተማሪዎችና ባለሥልጣኖች ሆይ፣ የተማረ ሰው ትእዛዝን የሚፈጽመው ቁጣ ፈርቶ ሳይሆን ምክንያቱን ዐውቆ ሊሆን ይገባል። መከለያውን እንክፈት፤ ከወንበራችን እስከ መውጫው ያሉትን ወንበሮች እንቍጠር። መብራቱ ሲደበዝዝም ጋዜጣውን አጥፈን አንድ ጊዜ ወደ ወለሉ እንመልከት።