ከመጠምጠም መማር ይቅደም

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ፣ ጥምጣም የአዋቂነት ምልክት ነውና ዕውቀቱ ሳይኖር ምልክቱን በራስ ላይ መጠቅለል ራስንም ሕዝብንም ማታለል ነው ማለታቸው ነበር። በዘመናችን ጥምጣሙ መልኩን ለውጧል። በአንገት የሚንጠለጠል የስም መታወቂያ፣ በረጅም ሕንፃ ሥር ተሰልፈው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ «ዓለም አቀፍ ንግድን በተግባር አጥንቷል» የሚል በወርቃማ ቀለም የታተመ የምስክር ወረቀት ሆኗል። በናይሮቢም፣ በአዲስ አበባም፣ በካምፓላም የንግድ ሥራ አመራር ከሚያስተምሩ ተቋማት አንዳንዶቹ ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሳምንት ወደ ውጭ አገር መውሰዳቸውን የክብራቸው መለኪያ አድርገውታል።

እኔ ጉዞን አልቃወምም። ከተወለድኩበት አገር ውጭ የምኖር ሰው ስለሆንኩ መንገድ የሚያስተምረውን ትምህርት አሳምሬ አውቃለሁ። የምቃወመው ጥያቄ ሳይያዝ የሚደረግ ሽርሽር «ጥናት» ተብሎ መሰየሙን፣ በጥናትም ዋጋ መሸጡን ነው። ከዚህ የከፋው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ወጣቱን ዓለም አቀፍ ንግድ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር እንደሆነ አሳምኖ ይመልሰዋል።

ነገሩን ከሩቅ ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በናይሮቢ የማታ ትምህርት በምከታተልበት ጊዜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ዱባይ ሄጄ ነበር። ከመካከላችን የዕቁቡን ዳኛ ለምኖ ዕጣውን አስቀድሞ የወሰደ ነበር፤ ደመወዙን በብድር ያስያዘም ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቀዝቃዛ አዳራሽ ገብተን በየዓመቱ ስንት መርከብ እንደሚስተናገድ የሚናገር የሥዕል ማብራሪያ አየን። አንዱ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ፣ «ወደ እኛ አገር የሚሄድ ኮንቴይነር ሲዘገይ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ገለጻ ሰጪው በትሕትና ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። ከሰዓት በኋላ ረጅሙን ሕንፃ ወጣን። በማግሥቱ ወደ በረሃው ወስደው ግመል ላይ አስቀመጡን። ከሞያሌና ከጋሪሳ ለመጣን ሰዎች ግመል ብርቅ ይመስል!

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፃ ጊዜ ተሰጠን። እናቷ በናይሮቢ ኢስሊ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች። እናትየው ለረጅም ዘመን ወደ ዱባይ እየተመላለሱ ዕቃ ያመጡ ስለነበር፣ ልጅቷ ለአንድ የካርጎ ሰው የምታደርሰው የታሸገ ፖስታ ይዛለች። ሁለት ሆነን ተከትለናት ዴይራ ወደተባለው ሰፈር ሄድን። ከተማይቱን ለሁለት በሚከፍለው የባሕር ሰርጥ ዳር የእንጨት ጀልባዎች ጎማና ማቀዝቀዣ ይጭናሉ። ከአንድ ጠባብ ቢሮ የተቀመጡ የሐረር ሰው ልጅቷን እንዳዩ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?» አሏት። «ደኅና ናቸው ጋሼ፤ ሰላም ብለዎታል» አለች።

እኚህ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስተማሩንን አንድ ወሰነ ትምህርት አላስተማረንም። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የጭነት ሰነድ ነበር። የተቀባዩ ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቶ በመጻፉ ኮንቴይነሩ ሞምባሳ ላይ ቆሞ የመጋዘንና የዲመሬጅ ክፍያ በየቀኑ ይቆጥርበታል። አሥር ትንንሽ ነጋዴዎች አንድ ኮንቴይነር እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ዋጋው ለምን በክብደት ሳይሆን በኪዩቢክ ሜትር እንደሚሰላ፣ ዕቃ በታዘዘበትና ሒሳብ በሚከፈልበት ቀን መካከል የምንዛሪ ተመን ሲለወጥ ትርፍ እንዴት እንደሚተን በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱን። ለልጅቷ እናት ያለ አንዳች ፊርማ በዱቤ ዕቃ እንደሚሰጡ፣ ማኅተም ላለው ኩባንያ ግን እንደማይሰጡ ሲነግሩን ምክንያቱን ጠየቅናቸው። «ወረቀት የሚፈርም እጅ ነው፤ ዕዳ የሚከፍል ግን ስም ነው» አሉን።

ተመልሰን እያንዳንዳችን የጉዞ ዘገባ ጻፍን። ልጅቷ ስለ አዳራሹና ስለ ሕንፃው አሳምራ ጻፈች፤ ስለ ዴይራ ግን አንድ መስመር አላሰፈረችም። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «እሱም ከቢዝነስ ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ። የጉዞዋን ገንዘብ የከፈሉት እኮ እኚያው እናት ናቸው! በእናትየው የዓለም አቀፍ ንግድ ትርፍ፣ የእናትየው ሥራ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዳልሆነ ተምራ መጣች። ክሴ ይኸው ነው።

አበው ሲጓዙ እንዲህ አልነበሩም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ጃፓን ሲሄዱ፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፍ ለሕዝባቸው አቅርበዋል። ጃፓን ራሷም ከዚያ ስድሳ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1871 በኢዋኩራ የሚመራ የባለሥልጣናትና የተማሪዎች ቡድን ወደ አሜሪካና አውሮፓ ልካ ነበር። ቡድኑ የተነሣው አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ከምዕራባውያን ጋር የተፈረሙት ያልተመጣጠኑ ውሎች እንዴት ይሻሻላሉ? ውሎቹን ማሻሻል ባይሳካለትም፣ በ1873 ተመልሶ ያየውን ሁሉ በአምስት ቅጽ አሳትሟል። ሽርሽርና ጥናት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝስ? በአውሮፓ ቢማሩም ዕውቀታቸውን የፈተኑት አገራቸው ተመልሰው፣ በድሬዳዋ የጉምሩክ በር ላይ ነው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት እንደሚደኸይ የሚተነትነው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከሞቱ በኋላ በ1924 ታተመ። የጉምሩክ በር ከመስተዋት ሕንፃ ይልቅ እንደሚያስተምር ከእርሳቸው የበለጠ ምስክር አያሻም።

ለመሆኑ ዓለም አቀፍ ንግድ የት ነው ያለው? በእግራችን ሥር ነው። ኢትዮጵያ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 ስትጠይቅ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋር የከረረ ሙግት ተነሣ። በ2007 በስምምነት ተቋጨ። የጤፍን ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። ኢትዮጵያ በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች፤ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ በጤፍ ላይ የተያዘውን የኔዘርላንድ ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። የጂቡቲ መንግሥት የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል የማስተዳደር መብት በ2006 ለዱባዩ ዲ.ፒ. ወርልድ ሰጠ፤ በ2018 ውሉን ሰርዞ ተርሚናሉን ተረከበ፤ ክርክሩም ለንደን የግልግል ዳኝነት ደረሰ። ውል ማንበብ፣ ስም ማስመዝገብ፣ ዳኛ መምረጥ፦ ዓለም አቀፍ ንግድ ማለት ይኸው ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት ምንም ያህል ሕንፃ ቢወጣ፣ ነገ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የሚቀመጠው ሰው ያዘጋጀለትን ወረቀት ከመፈረም አይድንም።

የምንዛሪን ጉዳይም ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በሐምሌ 2024 መጨረሻ ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ስትለቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን ዕቃ አዝዞ ሒሳቡን ገና ያልከፈለ አስመጪ ምን ሆነ? መርካቶ ሄዶ ይህን የጠየቀ ተማሪ ካለ፣ እርሱ በእውነት ተጉዟል።

«ታላላቆቹም ትምህርት ቤቶች ይልካሉ» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። አዎን፣ ይልካሉ። የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት በ2011 የጀመረው መርሐ ግብር ተማሪዎቹን በየቡድኑ ከፋፍሎ፣ በሄዱበት አገር ካለ ድርጅት ጋር በአንድ ቁርጥ ያለ የሥራ ችግር ላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ ነበር። እኛ የቀዳነው አውሮፕላኑን እንጂ ችግሩን አይደለም። «ከመንደሩ ወጥቶ ለማያውቅ ልጅ ማየት ብቻውን ዓይን ይከፍታል» የሚለው ክርክር የተሻለ ክብደት አለው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ዓይን የሚከፍት ሽርሽር ሽርሽር ተብሎ፣ በሽርሽር ዋጋ ይሸጥ። በዕቁብ ገንዘብ ከሚከፍል ሰው ላይ የትምህርት ዋጋ አይወሰድ።

እንግዲህ ተቃውሞ ብቻ እንዳይሆን ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የባሕር ማዶው ጉዞ ከመምጣቱ በፊት ተማሪዎች በቀጣናችን አንድ የንግድ መንገድ ይከተሉ። ከኬንያ አልፎ የብዙ አገሮች ሻይ በዶላር የሚሸጥበት የሞምባሳ ጨረታ አለ። በ2020 መጨረሻ የተመረቀው፣ የሁለት አገር ሹሞች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት የሞያሌ የድንበር ኬላ አለ። አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ የሚተላለፍበት የጂቡቲ መስመር ከነደረቅ ወደቡ ሞጆ አለ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተጓዥ አንድ ዕቃና የዚያን ዕቃ ሰነዶች ይዞ፣ በጽሑፍ የሰፈረ አንድ ጥያቄ አንግቦ ይሂድ። ሰሊጥ ይሁን ጨርቅ፣ ዋጋው የት ላይ እንደሚጨምርና ማን ዘንድ እንደሚቀር ተከታትሎ ይመለስ። ሦስተኛ፣ ሲመለስ ዘገባውን የሚያቀርበው ለመምህሩ ብቻ አይሁን። አስመጪዎች፣ ትራንዚተሮችና የካርጎ ሰዎች በተቀመጡበት ጉባኤ ያቅርብ፤ እነርሱም ይጠይቁት። የወጣውም ገንዘብ ለምን እንደዋለ ለከፋዮቹ በዝርዝር ይነገር።

ይህ ሁሉ ከአውሮፕላን ትኬት ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው። የሚያስፈልገው ትሕትና ነው፤ ባለ ሦስት ዲግሪው መምህር በኢስሊ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጨርቅ ነጋዴዋን «እስቲ ያስረዱኝ» የሚልበት ትሕትና። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። ያገራችንን ንግድ ባገራችን ነጋዴ አንደበት ያልተማረ ሰው፣ ሌላው አገር ቢሄድ የሚገዛ እንጂ የሚነግድ አይሆንም። ያቺ የክፍሌ ልጅ ዘገባዋን እንደገና ብትጽፍ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ የእናቷን ስም እንድታሰፍር እመኛለሁ።

አስቀድመን እንማር፤ መጠምጠሙ ይደርሳል።