ወንድ ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም

ምስሏን ሳታዩአት አልቀራችሁም። ሁለት የብረት ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ላይ "ሴት" ተብሎ ተጽፎበታል፤ በቁልፍ፣ በመብራትና በሚዞር ነገር ተጨናንቋል። ሌላኛው "ወንድ" ይላል፤ ላዩ ላይ ያለችው አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ናት። ቴሌግራም ላይ በየጊዜው ብቅ ትላለች፣ ከሥሯ የሳቅ ምልክት ይደረደራል፣ ታልፋለች።

እኔ ግን ላሳልፋት አልፈልግም። ቀልድ ጠልቼ አይደለም። ነገሩ ውሸት ስለሆነና ውሸቱ ደግሞ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። "ወንድ ሁሌ ዝግጁ ነው፣ በቃ ይበራል ይጠፋል" ብለን ስላመንን ነው ጤነኛ የሆነ የ25 ዓመት ልጅ ከቀጠሮው በፊት ኪኒን የሚውጠው። በእውነት የታመመው ደግሞ በዚሁ እምነት ምክንያት ሕመሙን እንደ ወንጀል ደብቆ ይኖራል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን በእኛ ሙያ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ አንድ ነገር ተበላሽቷል ከማለትህ በፊት እንዴት እንደሚሠራ አንብብ። ስለ ወንድ ገላ ደግሞ የሚነበብ ነገር ሞልቷል። አሜሪካውያኑ ዊሊያም ማስተርስ እና ቨርጂኒያ ጆንሰን 382 ሴቶችንና 312 ወንዶችን ላቦራቶሪ ውስጥ አጥንተው መጽሐፋቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን አሁንም ሳጥኑ ላይ ነን።

ከመቆም እንጀምር። አብዛኞቻችን ብልት ሲቆም "ሥራ ጀመረ"፣ ሲተኛ "አረፈ" ብለን ነው የምናስበው። ጡንቻው ጋ ስትደርሱ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብልት ውስጥ ያሉት ለስላሳ ጡንቻዎች በተለመደው ሰዓት ተኮማትረው ደም በብዛት እንዳይገባ በር ይዘው ይቆማሉ። ይህን የሚያዘው ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ነው፤ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታው ያው ራሱ። የወሲብ መነቃቃት ሲመጣ ከአከርካሪው ታችኛ ክፍል የሚነሱ ሌሎች ነርቮች፣ ፓራሲምፓቴቲክ የሚባሉት፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ ኬሚካል እንዲመረት ያደርጋል። ኬሚካሉ ጡንቻውን ያላላዋል፣ ደም ይሞላል፣ የሞላው ደም መውጫ ደም ሥሮቹን ተጭኖ ይዘጋቸዋል። በአጭሩ፣ መቆም ማለት መላላት ነው።

ይቺን የያዘ ሰው "ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ጠንከር በል" የሚለው ምክር ለምን እንደማይሠራ ይገባዋል። የተጨነቀ ሰው አድሬናሊን ያመነጫል፤ አድሬናሊን ደግሞ ያንኑ በር ይዘጋል። "ዛሬስ ባይሆንልኝ?" ብሎ የሚፈራ ልጅ ፍርሃቱ ራሱ እንዳይሆንለት ያደርገዋል። ማስተርስ እና ጆንሰን በ1970 ባወጡት ሁለተኛ መጽሐፋቸው ይህንኑ ገልጸውታል፦ ሰውየው ከሰው ጋር መሆኑን ትቶ የራሱን ብልት የሚመለከት ተመልካች ይሆናል። በ2000 ደግሞ የኪንሴ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎቹ ጆን ባንክሮፍት እና ኤሪክ ያንሰን የወንድን ወሲባዊ ምላሽ በሁለት ሥርዓት አስረዱት፤ አንዱ እንደ ነዳጅ መስጫ፣ ሌላው እንደ ፍሬን። ሁለቱ እየተፎካከሩ ይሠራሉ፤ የሁለቱም ጥንካሬ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን ወንድ ጭንቀት ጭራሽ አይነካውም፣ ሌላውን በአንድ ቃል ያቆመዋል። የትኛውም በሽተኛ አይደለም።

ደግሞ በተቃራኒው እዩት። ጤነኛ ወንድ ሌሊት፣ በተለይ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ደጋግሞ ይቆምበታል። ማንንም አልተመኘም፤ ተኝቷል። ስለዚህ መቆም ፍላጎት አይደለም፤ አለመቆምም ፍላጎት ማጣት አይደለም። ይህ ለወሬ የሚሆን ትንሽ እውቀት እንዳይመስላችሁ። ተገደው የተደፈሩ ወንዶች አሉ፤ ገላቸው ስለተነሳ፣ አንዳንዴም ዘር ስለፈሰሳቸው፣ "ወደኸው ነው" የተባሉ፣ እነሱም ራሳቸውን "ወድጄው ይሆን?" እያሉ የሚያሠቃዩ። መልሱ አይደለም ነው። በጉንፋን ማስነጠስ ስምምነት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የነርቭ ምላሽም ስምምነት አይደለም። የማብሪያ ማጥፊያዋ ቀልድ ግን እነዚህን ሰዎች ዝም ታሰኛለች።

አሁን ወደ መጨረሻው እንምጣ። የሠፈር አማርኛችን "ጨረሰ" ብሎ አንድ ላይ የሚጠቀልላቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፦ የዘር ፈሳሽ መውጣትና ኦርጋዝም፣ ማለትም የእርካታው ጫፍ። ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። የዘር ፈሳሽ መውጣት ራሱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከፕሮስቴትና ከዘር ከረጢቶች ፈሳሹ ተሰብስቦ ወደ ሽንት ቧንቧው ይገባል፣ የፊኛው አፍም ይዘጋል። "አሁንስ አልመልሰውም" የሚባለው ስሜት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ከሥር ያሉ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ወደ 0.8 ሴኮንድ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው አከርካሪ ውስጥ ያለ ማዕከል ነው። ኦርጋዝም ግን የሚሰማው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ማስረጃው? በካንሰር ምክንያት ፕሮስቴታቸውና የዘር ከረጢታቸው የወጣላቸው ወንዶች ጠብታ ፈሳሽ ሳይኖራቸው ኦርጋዝም ሊኖራቸው ይችላል። አከርካሪያቸው የተጎዳ ወንዶች ደግሞ ምንም ሳይሰማቸው፣ ልጅ ለመውለድ ሲሉ በሕክምና መሣሪያ እርዳታ ዘር ሊፈሳቸው ይችላል። የስኳር ሕመም ነርቭ ሲጎዳ ፈሳሹ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ሰውየው "ደረቅኩ" ብሎ ይደነግጣል። መቆም፣ መፍሰስ፣ መርካት ሦስት ሥራዎች ናቸው፤ ሦስቱም ለየብቻ ሊበላሹ፣ ለየብቻም ሊታከሙ ይችላሉ። አንድ ቁልፍ የታለ?

ከዚያ በኋላ ያለው ዕረፍትም እንዲሁ ነው። ወንድ ከጨረሰ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንደገና መነሳት አይችልም፤ ለአንዱ ደቂቃዎች፣ ለሌላው ሰዓታት ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ይረዝማል። ለዓመታት ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ነው ምክንያቱ ሲባል ኖሮ፣ በ2021 ሊዝበን ውስጥ አይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ያንን ማብራሪያ አልደገፈውም። ሳይንሱ ገና እየሠራ ነው። "ወንድ ቀላል ነው" የሚለው ሰው ግን ሥራውን ጨርሷል።

ይህን ክፍተት ማን እንደሞላው ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ነጋዴ "የወንዶች ማበረታቻ" የሚሸጥበት ድረ ገጽ እንድሠራለት ፈለገ። ጎብኚው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ያስገባል፤ ከ30 በታች ከሆነ ገጹ ቀይ ሆኖ "ስንፈተ ወሲብ አለብዎት" ይለዋል፣ ከሥሩ የመግዣ ቁልፍ። "30 ከየት መጣ?" አልኩት። "20 ብናደርገው ገዢው ያንሳል" አለኝ። ሳይደብቅ፣ ፊት ለፊት። ሥራውን አልወሰድኩትም፤ ሌላ ሰው እንደሚሠራለት ግን አውቃለሁ።

እሺ፣ ቁጥሩ ስንት ነው? በ2005 በታተመ ጥናት በኔዘርላንድስ፣ በብሪታኒያ፣ በስፔን፣ በቱርክና በአሜሪካ የሚኖሩ 500 ጥንዶች ቤታቸው በሰዓት መያዣ እንዲለኩ ተደርጎ ነበር። ከመግባት እስከ መፍሰስ ያለው ጊዜ መካከለኛው 5.4 ደቂቃ ሆነ፤ ማለትም ግማሾቹ ከዚያ በታች፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ። ከሁሉ ያጠረው ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ ከሁሉ የረዘመው 44 ደቂቃ። በነጋዴው ገጽ ብንለካቸው አብዛኞቹ ቀይ ይበራባቸዋል። ቶሎ መጨረስ እውነተኛ ችግር የሆነባቸው ሰዎች የሉም እያልኩ አይደለም፤ አሉ። ሐኪሞች ግን ያን ስም የሚሰጡት ከመጀመሪያው አንስቶ አንድ ደቂቃ አካባቢ ላይ ለሚያበቃበት ወይም በኋላ ጊዜው በግልጽ ላጠረበት፣ መቆጣጠር ላቃተውና በዚህም ለሚሠቃይ ሰው ነው። ፊልም አይቶ ለተሸማቀቀ ሁሉ አይደለም።

ኪኒኑንም እንየው። ቪያግራን የፋይዘር ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ሲሞክሩት ያሰቡት ለልብ ሕመም ነበር፤ ሌላ ውጤት ታየና በማርች 1998 አሜሪካ ውስጥ ለስንፈተ ወሲብ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የናይትሪክ ኦክሳይድን ሥራ ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች ኖቤል ተሸለሙ። ኪኒኑ የሚያደርገው ሳይክሊክ ጂኤምፒን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ማገድ ነው። የገንዳ መውጫ እንደ መድፈን ቁጠሩት፤ ቧንቧው ካልተከፈተ ገንዳው አይሞላም። ፍላጎት አይፈጥርም። ጤነኛ የነበረን ልጅ የበለጠ ጤነኛ አያደርገውም፤ "ያለ እሱ አልችልም" የሚል ፍርሃት ግን ሊተክልበት ይችላል፤ ፍርሃት ምን እንደሚሠራ ደግሞ ከላይ አይተናል።

ለሚያስፈልገው ሰው በሐኪም ሲታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለደረት ሕመም ናይትሬት ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ግን የደም ግፊትን ሊገድል በሚችል ደረጃ ይጥላል። ጫት ቅሞ ልቡ እየመታ ለሚውጠውም ሰው ቀልድ አይደለም፤ ጫት ያንኑ በር የሚዘጋውን የነርቭ ክፍል የሚቀሰቅስ ነገር ነውና አንድ እግሩን ነዳጅ፣ ሌላውን ፍሬን ላይ አድርጎ መንዳት ነው። "የተፈጥሮ ነው፣ ማር ነው" ተብሎ የሚሸጠውንም አትመኑ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ባሉ ማሮች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት አግኝቶ በ2022 አስጠንቅቋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ይኼ ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች የቀጠኑ ናቸው። ስለዚህ ደም ሥር መጥበብ ሲጀምር ብዙ ጊዜ እዚያ ቀድሞ ይታያል፣ ልብ ከማጉረምረሙ ከዓመታት በፊት። ስኳርና የደም ግፊትም በዚሁ በር ብቅ ይላሉ። ገላ ያን የሚያህል ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ሰውየው አፍሮ ከሱቅ ኪኒን ገዝቶ ማንቂያውን ያጠፋል። የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱም አሉ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች መጨረስን ያዘገያሉ ወይም ይከለክላሉ፤ ሰውየው ማንንም ሳያማክር መድኃኒቱን ያቆማል። ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል ወይም መቀየር ይችል ነበር። ግን ማን ጠየቀው? ወንድ አይደል? ይበራል፣ ይጠፋል።

"ነውር ነው፣ በአደባባይ አይወራም" የሚለኝ ይኖራል። ወዳጄ፣ እየተወራ ነው። ነጋዴው ያወራል፣ ፊልሙ ያወራል፣ ግሩፑ ያወራል። ዝም ያሉት መምህሩ፣ ሐኪሙና አባት ብቻ ናቸው። ነውር ያልነው እውነቱን እንጂ ወሬውን አይደለም።

"የሴቶቹ እርካታ ተረስቶ ስለ ወንድ ታወራለህ?" ለምትሉኝም፣ ልክ ናችሁ፣ ተረስቷል። ግን አንድ ውሸት ነው ሁለቱን የጎዳው። ወንድ ማብሪያ ማጥፊያ ከሆነ፣ አንዴ ከበራ ማቆም አይችልም ማለት ነው፤ "ስሜቱን መቆጣጠር አቃተው" የሚባለው የደፋሪ ጥብቅና የሚወለደው ከዚህ ነው። ፍሬን ያለው ፍጡር ነው፤ ሳይንሱ ይህን ይላል። ፍሬን ያለው ሰው ደግሞ ይጠየቃል። ወንድ ሳይጨርስ ሲቀር ደግሞ ሴቷ "አስጠላሁት" ብላ ራሷን ትወቅሳለች፤ ምክንያቱ ግን የሥራ ጭንቀት ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የባዮሎጂ መምህር፣ የዘር ከረጢቱን ሥዕል ሲያስረዳ አምስት ደቂቃ ጨምሮ መቆም መላላት መሆኑን ይንገራቸው። ፋርማሲስቱ ከመሸጡ በፊት "ልብህን ያምሃል? ሌላ የምትወስደው አለ?" ይበል። ሐኪሙ ሳይጠየቅ ይጠይቅ። አንተም ጓደኛህ "ሰሞኑን እንቢ አለኝ" ሲልህ አትሳቅበት፤ የኪኒን ስምም አትጥራለት። ግፊትህን ከተለካህ ስንት ጊዜ ሆነህ በለው።